ስልሳ ሦስተኛው ልብ

የካቲት 4

ስምንት ልብ ማንበብ ነበረብኝ። አምስት አነበብኩ። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ አሞቅሁት፣ እንደገና ቀዘቀዘ። ተውኩት።

ክፍሌ መስኮት የለውም። ድሮ የባልዲና የመወልወያ ማስቀመጫ ነበር አሉ። አሁንም በረኪና በረኪና ይሸታል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስክሪን፣ ጥግ ላይ ማንም የማይወስደው የተበላሸ ፕሪንተር... እና እኔ።

ሥራው አንድ ዓይነት ነው። የሚመታ ልብ አጭር ፊልም ይከፈታል። የግራውን የታችኛውን ክፍል በማውዝ እከብበዋለሁ፤ አንዴ ደም ሞልቶት ሳለ፣ አንዴ ጨምቆ ሲጨርስ። ኮምፒውተሩ ልቡ በአንድ ምት ምን ያህል ደም እንደገፋ ይነግረኛል። እመዘግባለሁ። ቀጣዩ ይመጣል።

ፕሮፌሰሩ በበሩ አለፉ። እኛ ተማሪዎቹ በሌሉበት «ግን» ነው የምንላቸው። ዛሬም አላሳፈሩንም። «ጎበዝ፣ እየሄደ ነው። ግን በዚህ አካሄድ ግንቦት ላይ አትደርሺም።»

የግንቦት መጨረሻ። ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል፤ ሦስተኛ የለም። የመመረቂያ ጽሑፉን እስከዚያ ካላስገባሁ ከዶክትሬቱ እሰናበታለሁ። አምስት ዓመት። ምን ብዬ ለማን እነግራለሁ?

የካቲት 9

አባዬ ደወለ።

«ዶክተር!»

«አባዬ፣ ገና አልሆንኩም።»

«እኔ ሊጡን ሳቦካው ነው ዳቦ የምለው። ምን አለበት?»

ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ሳቄም አብሮ ተዘጋ።

ጥናቱ የመጣው ከእሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዳቦ ቤት በሌሊት ፈረቃ ሠርቷል። ቀን ሲተኛ እየሰማሁት ነው ያደግኩት... ሌሊት የሚሠራ ሰው ልብ ቀን ከሚሠራው ቀድሞ ይደክማል? ጥያቄዬ ይኼ ነው። እሱም ለጥናቱ ተመረመረ። የምድጃ ባልደረቦቹንም እየነዳ አመጣልኝ። «ልጄ ልባችሁን ልታየው ነው፣ ሚስቱን የሚዋሽ ከአሁኑ ይቅር» ብሎ አስፈራርቷቸው ነበር።

ከፊልሞቹ የትኛው የእሱ እንደሆነ አላውቅም። ማወቅም የለብኝም። ሌሊት የሚሠራውን ከቀኑ ለይቼ ካወቅሁ እጄ ሳላስበው ወደምፈልገው መልስ ያዘነብላል። ስለዚህ ስም ተነሥቶ ቁጥር ተሰጠ፤ ቁጥሮቹም ተደበላልቀው ነው የሚመጡልኝ። ስሞቹ ያሉት ሁለት ቦታ ነው፤ በስታቲስቲክስ ባለሙያው እጅ፣ እና ልቦቹን በቀረጹት በእትዬ ማሽን ላይ። እትዬ የሆስፒታሉ የኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ቴክኒሻን ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ ፕሮፌሰሩም ጭምር።

የካቲት 17

ያነበብኳቸውን ልቦች ለሙከራ ደግሜ አነበብኩ። ቁጥሮቼ አይገጥሙም። ያው ልብ፣ ያው እጅ፣ ሌላ ውጤት!

«መሻሻል አለው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ግን የመጀመሪያዎቹን በሙሉ እንደገና ታነቢያቸዋለሽ።»

ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ...

የካቲት 18

አልሄድኩም። ተኝቼ ዋልኩ።

የካቲት 26

ጠዋት ላይ ስልሳ ሦስት መጣ። ጥር ላይ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አሁን ድጋሚው ነው። ምስሉ ዘመም ብሎ ተኝቷል። እንዲህ የሚሆነው የደረት አጥንቱ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ላይ ነው፤ አጥንቱ ልቡን ገፍቶ ያስጠጋዋል።

የአባዬ ደረት እንዲህ ነው። ልጅ ሆኜ በጀርባው ሲተኛ ጎድጓዳው ላይ ብርቱካን አስቀምጥ ነበር። አይወድቅም።

አባዬ ነው አልኩ። ወዲያው ደግሞ ራሴን ተቆጣሁ። መገመት ክልክል ነው፤ መዝጋት ነበረብኝ። ግን ዓይኔ ከታችኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ምስሉ ጠርዝ ሄደ። እዚያ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ አለ፤ አኦርታ። ጥናታችን ስለ እሱ አይጠይቅም። አልለካውም። ማንም አይለካውም።

ለካሁት። 5.8 ሴንቲ ሜትር።

ደግሜ ለካሁት። አራት ቢሆን እንኳ ሰፋ የሚባል ነው...

ጥር ላይ ይህንኑ ፊልም ከፍቼ፣ የታችኛውን ክፍል ከብቤ፣ «መደበኛ» ብዬ ጽፌ አልፌዋለሁ። ቧንቧው እኮ ዓይኔ ሥር ነበር።

የካቲት 27

እንዲህ የሰፋ ቧንቧ ከመጠን በላይ እንደተነፋ ፊኛ ነው። አያምም። አንድ ቀን በከባድ ሸክም፣ ወይም በማስነጠስ፣ ወይም ያለ ምንም ምክንያት ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። አባዬ ደግሞ የዱቄት ጆንያ ያነሣል።

«አባዬ፣ ዛሬ ሥራ አትግባ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ የሚባል በሽታ ወጣ እንዴ?»

እየጎተትኩ እትዬ ዘንድ ወሰድኩት። እትዬ ወረቀት አልጠየቁኝም። «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ?» ብቻ አሉኝ። አባዬ ሸሚዙን አውልቆ ተጋደመ።

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ እዚያ ውስጥ ሰው አለ።»

«ማን አለ?»

«ይቺው ናት» ብሎ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

እትዬ ለኩ። 3.4። «አንዴ ልድገመው» አሉ። 3.4። ጎረምሳ የሚቀናበት ቧንቧ።

ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አንሸራትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ ጄሉን ከደረቱ እየጠረገ አየኝ። ምን እንደነበረ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። ምሳ ጋበዘኝ። ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻዬን በላሁ።

የካቲት 29

ሁለት ቀን ጥሩ ተኛሁ። በደንብ አነበብኩ፣ እጄም ረጋ። ፕሮፌሰሩ «ግን» ሳይሉ አለፉ።

ዛሬ ጠዋት ኩባያ እያጠብኩ ሳለ...

ታዲያ የማን ነው?

ውሃው እየፈሰሰ ቆምኩ። ያ ቧንቧ አባዬ ደረት ውስጥ የለም ማለት ሌላ ሰው ደረት ውስጥ አለ ማለት ነው። የሆነ ሰው ይዞት ይዞራል። እኔ ምሳዬን በልቼ ለሽ ብዬ ተኝቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አንዴ እንኳ አልጠየቅሁም... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 1

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገብቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ራሳቸው ለኩት። 

«ጥሩ ዓይተሻል። ግን ስሙን እኔም አንቺም አንከፍትም። ሥርዓት አለው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ነው የሚያስከፍተው። ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ።»

«መቼ ይሰበሰባሉ?»

«አሥራ አምስት ላይ።»

«ነገ ቢቀደድስ?»

«ከዚህ ጋር ዓመታት ኖሮ ይሆናል።»

«ዓመታት የኖረ ነገር ነው እኮ አንድ ቀን የሚቀደደው።»

አልተቆጡም። ወንበር ሳቡልኝ። «ስሚ። አንቺ ስሞቹን ካየሽ እስከ ዛሬ ያነበብሽው ሁሉ አመድ ነው። ሌላ አንባቢ ይደግመው እንዳልል፣ ሌላ አንባቢ የለኝም። ግንቦት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ገባሽ?»

ገባኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ደብዳቤውን እኔ እያየሁ ጻፉት፤ «አስቸኳይ» የሚለውንም ከሥሩ አሰመሩበት።

የስታቲስቲክስ ባለሙያው ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ ያለ ኮሚቴው ደብዳቤ ጣቴን አላነሣም። ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው።» እሱም እውነቱን ነው።

መጋቢት 3

ከኮሚቴው መልስ የለም። ሰብሳቢዋ መንገድ ሄደዋል አሉ። ጸሐፊው «ደርሶናል» ይላል። በደወልኩ ቁጥር «ደርሶናል»!

እትዬ እኔ እንዳላይ ብለው ራሳቸው ሊፈልጉልኝ ሞከሩ። ማሽናቸው ላይ ስም እንጂ ቁጥር ስለሌለ የስልሳ ሦስትን ምስል አትሜ ሰጠኋቸው። በበሽተኛና በበሽተኛ መሃል እየሰረቁ የድሮ ፊልሞቻቸውን ያገላብጣሉ። በራቸው ላይ ያለው ሰልፍ ደግሞ ደረጃው ድረስ ነው። «ልጄ፣ ሁሉም አንድ መሰሉኝ» አሉ ማታ ሲወጡ። «እኔ እቀርጻለሁ እንጂ እንዳንቺ አፍጥጬባቸው አልከረምኩም።»

መጋቢት 4

አውቶቡስ ውስጥ የወንዶች ደረት አያለሁ። ሰው ምን ይለኛል? አንዱ ሳለ። ሳሉ እስኪያልቅ ትንፋሼን ያዝኩ። ሌላው ሶፋ ተሸክሞ መንገድ ሲሻገር ተከትዬው ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ምን ልለው? ወንድሜ፣ አንተ ቁጥር ስንት ነህ?

ዛሬ አንድም ልብ አላነበብኩም።

መጋቢት 5

ከፈትኩት።

እትዬ የማሽናቸው ክፍል በር ላይ ቆመው ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። «አምስት ዓመትሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽ ብሆን እከለክልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

ሰጡኝና ሄዱ።

እያንዳንዱ ፊልም ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ አለ። ዘበኛ። ሻጭ። አስተማሪ። ነርስ። ሌሊት፣ ቀን፣ ቀን፣ ሌሊት... የማውቃቸው ልቦች ነበሩ። በቁጥር የማውቃቸው። የፈጠነው፣ የደከመው፣ አንዱ ግድግዳው ሰነፍ የሆነው። አሁን ሁሉም ባለቤት አገኙ። ዓይኔም ሳልጠይቀው ይመድባቸው ጀመር፤ ይኼ ደካማ፣ የሌሊት... ይኼ ጠንካራ፣ የቀን... ልጨፍነው አልችልም። ጥቂት እንኳ ሳልሄድ ያነበብኩት ሁሉ እንደረከሰ ታወቀኝ። መቆም እችል ነበር። አልቆምኩም።

ከምሳ በኋላ፣ መጨረሻው ላይ አገኘሁት። ዘመም ያለው ልብ፣ ከላዩ ያ የሰፋ ቧንቧ። ስሙን አነበብኩት። አላወቅሁትም። ሥራ የሚለውን አየሁ፤ ዳቦ ጋጋሪ። ከአባዬ ዳቦ ቤት።

አባዬ ጋ ደውዬ ስሙን ነገርኩት። «ውይ፣ ሎጋው ነዋ!» አለ። «የእኔ ምድጃ ጓደኛ። በር ሲገባ የሚያጎነብሰው። ዛሬ ዕረፍቱ ነው፣ ነገ ማታ ይገባል። ምነው?»

መጋቢት 6

የዳቦ ቤቱ ሰዎች ፈረቃ ሊገቡ ሲሰባሰቡ ደረስኩ። ዱቄት ከመኪና እየወረደ ነው። ሎጋውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሁሉም በላይ ራሱ ይታያል፤ ቀጭን፣ ጣቶቹ ረጃጅም፤ ቧንቧው የሚሰፋ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ትከሻው ላይ ጆንያ አለ።

«አውርደው!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞሩ። «ዶክተሯ ጀመራት» አለ አንዱ። ሳቁ።

አስረዳሁት።  ሎጋው ጆንያውን ሳያወርድ ነው የሰማኝ።

«እህቴ፣ ይኼ ሃምሳ ኪሎ ነው። የታመመ ሰው ይሸከመዋል?»

«አዎ። እስከሚቀደድ ድረስ ይሸከመዋል።»

«ስመረመር ደህና ነህ አላላችሁኝም? ወረቀቱ ቤት አለ።»

ብለነዋል። «ልብዎ በመደበኛ ሁኔታ ይሠራል» ይላል ወረቀቱ። ቁጥሩ ሥር «መደበኛ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። 

አባዬ እስከዚያ ፊቴን ያያል። እጁን በሽርጡ ጠርጎ መጣና ጆንያውን ከሎጋው ትከሻ ወደ ራሱ ትከሻ ገለበጠው።

«ምን ታደርጋለህ ሰውዬ?»

«አውርድ ስትባል አውርድ። ባለፈው ሳምንት እኔን በዚሁ ፊት ነው ያየችኝ። የእኔ መስሏት ነበር ለካ።»

«እና አንተ ደህና፣ እኔ በሽተኛ?»

«በቁመት በለጥከኝ ብለህ ስትኮራብኝ አልነበር? በሁሉም ትበልጠኛለህ።»

ሎጋው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።  ከዚያ ቁጭ አለ፣ እዚያው መኪናው ደረጃ ላይ። «ለሚስቴ ማን ይነግራታል?» አለ።

መጋቢት 8

ትናንት ሲቲ ስካን ተነሣ። 5.9። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ቤቱ እንዲመለስ አልፈቀደም።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄድኩ። ከፈትኩት አልኳቸው።

«ስንቱን አየሽ?»

«ሁሉንም።»

መስኮት አላቸው። ወደ ውጭ አዩ። «ነገሩን ለዲፓርትመንቱ ማሳወቅ አለብኝ» አሉ። «አውቃለሁ» አልኩ።  በሩን ስከፍት፣ «ሰውየው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

መጋቢት 12

ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሎጋው ሚስት ብቻዋን ተቀምጣለች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«አንቺ ነሽ ያየሽው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

የካቲት መጨረሻ ብዬ ልተወው እችል ነበር። «መጀመሪያ ጥር ላይ ከፍቼው ነበር። አላስተዋልኩትም።»

ብዙ አየችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላዋን ከጎኗ ካለው ወንበር አነሣች። «ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። እስኪወጣ ድረስ አብረን ጠበቅን።

ወጣ። ቧንቧው ተቆርጦ በሰው ሠራሽ ተተካ። «እንደ እርጥብ ወረቀት ነበር» አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ በጣቶቹ እያሻሸ እያሳየን።

መጋቢት 15

ኮሚቴው ተሰበሰበ። የስልሳ ሦስትን ስም እንድንከፍት በሙሉ ድምፅ ፈቀደ። ሎጋው አልጋው ላይ ሾርባ በማንኪያ እየጠጣ ነበር። ስነግረው ቁስሉን ይዞ ሳቀ። «ከዚህ በላይ አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይፈታል!»

ሚያዝያ 11

ሌላ አንባቢ ፍለጋ ላይ ነን። ፕሮፌሰሩ ለሚያውቋቸው ሁሉ ጻፉ። ሁለት ቦታ «ከመስከረም በኋላ» አሉ። አንዱ አልመለሰም። የመግቢያውን ምዕራፍ አስተካክላለሁ። ለምን? እጄ እንዲሠራ ብዬ ብቻ።

ግንቦት 2

እንደገና እንዲራዘምልኝ ጠየቅሁ።

ግንቦት 14

አልተራዘመም።

ግንቦት 30

አለፈ።

ሰኔ 6

ክፍሉን ለቀቅሁ። ይዤው የምወጣው ብዙ ነገር ይኖራል ብዬ ካርቶን ይዤ ሄጄ ነበር። ኩባያ፣ ሹራብ፣ ሁለት መጽሐፍ። ካርቶኑን ባዶውን ተውኩት። ፊልሞቹ በመጪው ዓመት ለሚገባ ተማሪ ይሰጣሉ። ይጠቅሙታል፤ ዓይኑ ያልረከሰ ነው። እኔ ምስጋናው ገጽ ላይ እኖራለሁ አሉ ፕሮፌሰሩ። ደግ ነገር የተናገሩ መስሏቸው ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። ለሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ብሎ ጨርሷል። እንዴት ይመልሰዋል?  «ያ ሰውዬ ትናንት ገበታው ላይ ቆሞ ዳቦ ሲሸጥ ውሏል» አለኝ በመጨረሻ። «እንዲሸከም ስላልፈቀዱለት ይነጫነጫል። ልጅህ ሻጭ አደረገችኝ እያለ።»

ልጽናና እንደሚገባኝ አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት ግን የማስበው ሎጋውን አይደለም። አምስት ዓመቴን ነው። ይህን ለማንም ልናገረው አልችልም።

ሐምሌ 3

ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። እትዬ ናቸው ያስገቡኝ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው የኢኮ ክፍል ሰው አልነበረውም። ነጭ ጋውኑ ይሰፋኛል። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ ያሰብኩት ግንቦትን ነበር፤ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ።

የመጀመሪያዋ ታካሚ አሮጊት ናቸው። ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አልጋው ላይ እንዲወጡ ደገፍኳቸው። ስማቸውን ጠየቅሁ።

«ልቤን ልታዪ አይደል? ስሜ ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ እናቴ፣ እፈልገዋለሁ።»

ነገሩኝ። ደግሜ ጠራኋቸውና ጻፍኩት። መሣሪያውን ደረታቸው ላይ አሳረፍኩ። የጥያቄ ወረቀቱ የሚለው የታችኛውን ክፍል ነው። እሱን አየሁ። ከዚያ ላይኞቹን። ቫልቮቹን አንድ በአንድ። ከዚያ ወደ ጠርዙ ወጣሁ፤ ቧንቧውን ለካሁት። ደህና ነው። ደግሜ ለካሁት። ውጭ ሰልፉ ያጉረመርማል፤ አንዱ በሩን አንኳኳ።

«ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ? መጥፎ ነው?»

«አይደለም እናቴ። እያየሁ ነው።»